ጥም የሌለው አውሬ

ማሃሙድን ብዙ ሰው በእጁ ነው የሚያውቀው። የጅጅጋን ግማሽ የሱቅ ማስታወቂያ የጻፈው እሱ ነው። የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ያለችው ብቻዋን የምትስቅ መንጋጋ፣ ሥጋ ቤቱ ላይ ያለው ሰው ሰው የሚል የፍየል ፊት፣ ፀጉር ቤቱ ላይ ያለው አንገት የሌለው ጎረምሳ፣ ሁሉም የእሱ ሥራዎች ናቸው። እኔ ግን ማሃሙድን የማውቀው በአፉ ነው። የእኔን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅና የእሱን ሥዕል ቤት የሚለየው ስስ ኮምፔርሳቶ ስለነበር፣ ከሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ጀምሮ የተናገረው ነገር አምልጦኝ አያውቅም። ሚስቱ ሂባቅ እንኳ "ቀለምወርቅ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን አሸነፈ?" ብላ የምትጠይቀው እኔን ነበር።

አፉ ደግሞ አፍ ነው። "ሻይ ቤት" ብቻ ሊያስጽፍ የመጣውን ሰውዬ "ሻይ ቤትና ቁርስ ቤት፣ ለቤተሰብ የሚሆን ቦታ ያለው" አስጽፎ ይሸኘዋል። ሰውዬው ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። አማርኛውንም የለመደው በዚሁ ሥራው ነው፤ እኔ በወረቀት እጽፍለታለሁ፣ እሱ ቆርቆሮ ላይ ይገለብጣል፣ እየገለበጠም "ይሄ ምን ማለት ነው አባዮ?" ይለኛል። አባዮ በነሱ እህቴ እንደማለት ነው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ እንደ ቢሮ ሰው ይናገር ጀመር። የኔን ሶማሊኛ ሲሰማ ግን እስከ ዛሬ ይስቃል።

ይህ ሰው በዕድሜው አንድ የልብ ጓደኛ ነበረው። እሱንም በክርክር አሸንፎ አጣው። የተከራከሩት ስለ መሬት አይደለም፣ ስለ ግመል አይደለም፣ ስለ ሴትም አይደለም። ካርቶን ላይ ስለተሳለ አውሬ ነው። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ጓደኛው ባሬ ይባላል። ሁለቱም በልጅነታቸው ከሐርጌሳ ጦርነት ሸሽተው ከጅጅጋ ወዲያ ሀርተሼክ መጠለያ ነው ያደጉት። ሀርተሼክ ያኔ ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ጉድጓድ የለው፣ ውኃ የሚመጣው በቦቴ መኪና ነው። እናቶች ጀሪካን ይደረድራሉ፣ ልጆች ጀሪካኑን ይጠብቃሉ፣ ቦቴው አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል። እነዚህ ሁለቱ ታዲያ እንዲሁ ተቀምጠን ከምንውል ብለው የእርዳታ ብስኩት ካርቶን በመዳፍ ልክ እየቆረጡ አውሬ ይስሉበት ጀመር። ሣዩ ማሃሙድ ነው፣ አሳቢው ባሬ። አውሬዎቹ ይገጥማሉ። ጨዋታውን "በሃል" አሉት፤ በሶማሊኛ አውሬ ማለት ነው።

እያንዳንዱ አውሬ አራት ጠባይ አለው፦ ጥርስ፣ ቆዳ፣ እግርና ጥም። ጥርሱ የሚጎዳበት ነው፣ ቆዳው የሚችልበት፣ እግሩ ቀድሞ የሚመታበት። ጥሙ ደግሞ ስንት ዙር ሳይጠጣ እንደሚቆይ ይናገራል። ያ ዙር ካለፈ ጥርስ ቢኖረውም፣ ቆዳ ቢኖረውም፣ ይወድቃል። ለእያንዳንዱ ጠባይ ከሥዕሉ ሥር ቁጥር ይጻፋል፣ የሉዶ ዳይስ ይጣላል፣ ጨዋታው ይህ ነው። ልጆች የሠሩት ነገር ነውና ሲያድጉ ይተዉታል ብሎ የሚያስብ ሰው እነዚህን ሰዎች አያውቃቸውም። ጅጅጋ ገብተው፣ ማሃሙድ ሥዕል ቤቱን ከፍቶ፣ ባሬ ገበያ ውስጥ የከብት መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ፣ ሁለቱም ሚስት አግብተው፣ ከሰዓት ከአስር ሰላት በኋላ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ጫቱ ይመጣል፣ አውሬው ይወጣል። ከባቢሌ መስመር ሲመለስ ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ የሚገባው ሾፌሩ ዐቦኮር ነበረ፤ ሌሎችም ነበሩ። አብዲራህማን የሚባሉ የከብት ደላላ የነበሩ ሽማግሌም ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። እሳቸው አይጫወቱም፤ ይሰማሉ።

የሚሰሙት ደግሞ ግጥሚያውን አይደለም። ግጥሚያውማ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ቀኑን የሚበላው ጠባይ መቀየሩ ነው። ያሸነፈ አውሬ አንድ ጠባዩ ይቀየርለታል፤ ግን ባለቤቱ ስለፈለገ ብቻ አይቀየርም። ባለቤቱ ጉዳዩን ለተቀመጠው ሰው ያቀርባል። ሁሉም በተራው ይናገራል፣ የሰው ንግግር አይቋረጥም፣ እጅ ማውጣት የለም፣ ድምፅ መስጠት የለም፤ ሁሉም "ይሁን" እስኪል ይወራል። መጀመሪያ የሚጠየቀውም "ይህ ከዚህ በፊት ተፈርዶ ያውቃል ወይ?" የሚለው ነው። ተፈርዶ ከሆነ ያው ይጸናል። ካልሆነ "ኡጉብ ነው" ይባላል፤ ገና ያልተነካ አዲስ ጉዳይ። ሽማግሌዎቻቸው ከዛፍ ሥር በግመልና በደም ጉዳይ የሚያደርጉትን እነሱ በካርቶን ያደርጉታል። የዐቦኮር አውሬ የጅብ ራስ ያለው አህያ ነበር፤ አንድ ጊዜ ክንፍ ይሰጠው ብሎ አመለከተ። አህያ ይበራል ወይስ ጅብ ነው የሚበረው በሚል ፀሐይ ጠልቃ ማግሪብ እስኪሰገድ ተከራከሩ፣ በማግስቱም ቀጠሉ። በመጨረሻ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው "ይብረር፤ ግን ወደ ፀሐይ የቀረበ ቶሎ ይጠማል" አሉ። ክንፍ ተሰጠው፣ ጥሙ ተቀነሰበት። ከዚያ ወዲህ ክንፍ የጠየቀ ሁሉ ጥም ይከፍላል። እኔ ፎቶ ኮፒ እያነሣሁ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ደንበኛ አብዳለች ሳይለኝ አልቀረም።

የባሬ አውሬ ስሙ ቦቴ ነበር። ሆዱ እንደ ውኃ መኪናው ክብ፣ እግሩ አጭር፣ ጥርሱ ሁለት። ለማየት ያስቃል። በጥሙ ቦታ ላይ ግን ቁጥር የለውም። ቦቴ አይጠማም። ሀርተሼክ ላይ ባሬ እንዲህ ያለ አውሬ ስጠኝ ብሎ፣ ማሃሙድም ይሁን ብሎ የሳለው ነው። ቦቴን በጥርስ ሊያሸንፈው የመጣ ሁሉ ይነክሰዋል፣ ያቆስለዋል፣ ከዚያ ራሱ ተጠምቶ ይወድቃል። የድሮዎቹ ተጫዋቾች ይህን ለምደውታል። በቦቴ መሸነፍ በነሱ ዘንድ እንደ ሐምሌ ጭቃ ነበር፤ ይረገማል፣ ይታለፋል። ባሬም በሌላ አውሬ ይጫወትና ቦቴን ሲያሻው ብቻ ያወጣዋል። ዝምተኛ ነው፣ አሸነፍኩ ብሎ አይፎክርም። ቦቴን ሲያወጣ ግን ፊቱ ይበራ ነበር፤ እኔም አይቼዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ተማሪ ከየአገሩ መምጣት ሲጀምር ነገሩ ተቀየረ። ሪድዋን የሚባል የሐረር ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ለማኅበራቸው ባነር ሊያስጽፍ መጣ፤ የተዘረጋውን አውሬ አየ፤ ባነሩን ረሳ። በየቀኑ ይመጡ ጀመር። ማሃሙድን ያኔ ባያችሁት! ልጅ ሆኖ በካርቶን የጀመረውን ነገር የተማረ ሰው ሲያደንቅለት፣ ቁመቱ ራሱ የጨመረ መሰለኝ። አዳዲስ አውሬ ይስልላቸዋል፣ ሕጉን ያስረዳቸዋል። ሶማሊኛ የማይችሉ ስለነበሩ የምንጣፉ ወሬ ቀስ በቀስ ወደ አማርኛ ዞረ። ይህ ለማሃሙድ ምንም አይደለም። ባሬ ግን አማርኛው የገበያ ነው፤ "ይሄ ለፍየል፣ ይሄ ለግመል፣ ነገ ና" ከማለት አያልፍም።

ልጆቹ በቦቴ ደጋግመው ተሸነፉ። አንድ ቀን ሪድዋን ካርዱን ምንጣፉ ላይ ጣለና "ጋሼ ማሃሙድ፣ ይሄ እኮ ጨዋታ አይደለም። አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀ ነገር ምኑን ይገጠማል? ወይ የቦቴ ጥም ይስተካከል፣ ወይ እኛ እንቅር" አለ።

ማሃሙድ እንዲቀሩ አልፈለገም። ጉዳዩ ይቀርባል አለ።

ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ መሄድ እችል ነበር፤ አልሄድኩም። ጉዳዩ ኡጉብ ነበር። እስከዚያ ድረስ ጠባይ የሚቀየረው ባለቤቱ ሲጠይቅ ነው። ባለቤቱ ሳይጠይቅ፣ ያውም ያሸነፈ አውሬ፣ ጠባዩ ይነካ የሚል ክርክር ተነስቶ አያውቅም። ልጆቹ እንዲሰሙ ተብሎ በአማርኛ ሆነ።

ባሬ ቃላት እየፈለገ ተናገረ። "ይሁን ተብሏል። ይሁን የተባለ አይነሳም። ሰው ጉድጓድ ይቆፍራል። በኋላ የመጣ ሰው ተራ ይይዛል። ጉድጓድ አይደፍንም።"

"ማን ይደፈን አለ?" አለ ማሃሙድ። "ክዳን ይደረግለት ነው ያልነው። አሁን ሰው በዝቷል። ያኔ ይሁን ያልነው ደግሞ ሁለት ልጆች ነን፤ እኔና አንተ። ሁለት ልጅ ሕግ አያወጣም።"

ባሬ አሰበና "ሁለት ልጅ ሕግ ካላወጣ፣" አለ፣ "ጨዋታውም የለም።"

ቤቱ "እህ!" አለ። ዐቦኮር ጭኑን ሲመታ ተሰማኝ። ዝምተኛው ሰውዬ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው ማሃሙድን ከነጨዋታው ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ባሬ እውነቱን ነበር። ክርክሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር።

ማሃሙድ ግን መሸነፍ አያውቅበትም። ደሙ ሲፈላ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ብሎ ሰማሁት። "ዋርያ ባሬ፣ እስቲ የማይጠማ ፍጥረት የት አየህ? ቦቴው ሳይቆም ሲያልፍ ባዶ ጀሪካን ይዘህ ከኋላው እያለቀስክ ስትሮጥ፣ አፈር ላይ ወድቀህ አፈር ስትበላ፣ እኔ አይደለሁም ወይ እጅህን ይዤ የመለስኩህ? ይሄን አውሬ የፈጠርከው ስለጠማህ ነው። ሕግ በልጅ እንባ አይጸናም!"

ልጆቹ ሳቁ። አንዱማ አጨበጨበ። ክፋት አይደለም፤ ያጨበጨቡት ለአነጋገሩ ነው፣ እውነትም ያማረ አነጋገር ነበር። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። በሶማሊኛ ብሎት ቢሆን ነገሩ በሁለት የሀርተሼክ ልጆች መካከል ይቀር ነበር፤ በአማርኛ ስላለው አደባባይ ወጣ።

ባሬ ካርዱን ወደ ማሃሙድ ገፋው። ከዚያ በራሱ ቋንቋ "ጥም ስጡት" አለ። ይሁን ማለቱ ነው። ማሃሙድ ብሩሹን አንስቶ ቁጥር ጻፈበት። ባሬ ተነሳ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ በእኔ በር በኩል ሲያልፍ እንደ ልማዱ ሰላም አለኝ። ካርዱን አልወሰደም። በማግስቱ ከተማሪዎቹ አንዱ በቦቴ ተጫወተና በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ካርቶን ሆነ፤ ጠርዙ ተበላ፣ ሻይ ፈሰሰበት፣ ተጣለ።

በክርክሩ ዕለት ሁሉም ከሄደ በኋላ አብዲራህማን ወደኋላ ቀሩ። በሶማሌዎች ዘንድ ሐል የሚባል ነገር አለ። ሰውን በሰው ፊት በቃል ያቆሰለ፣ ሰው አስከትሎ ሄዶ፣ ጥፋቱን ተናግሮ፣ ለተጎዳው ክብር የሚሰጠው ነገር ነው፤ ጨርቅ ሊሆን ይችላል፣ ከብት ሊሆን ይችላል። የዕቃው ማነስ መብዛት አይደለም ነገሩ፤ መሄዱ ነው። ሐል የተሰጠው ሰው ቂም መያዝ ነውር ነው። ሐል ሳይሰጠው ደግሞ እሱ ራሱ ተነስቶ "ታረቀኝ" ማለት አይችልም፤ ክብሩን በእጁ እንደመጣል ነው።

"ፍርዱ ፍርድ ነው፣" አሉት ሽማግሌው። "የተናገርከው ቃል ግን ሐል አለበት። ሰው ይዘህ ሂድ።"

"ለካርቶን?" አለ ማሃሙድ።

"ካርቶን አላለቀሰም ልጄ፤ ያለቀሰው ባሬ ነው።"

ማሃሙድ ምን ቢል ጥሩ ነው? እንደ ዳኛ አሰበ። እኔም በማግስቱ "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው፤ ተነስና ሂድ" ስለው የመለሰልኝ ያንኑ ነው። "አባዮ፣ አልገባሽም። ዛሬ ለባሬ ሐል ከሰጠሁ ይሄ እንደ ተፈረደ ነገር ይያዛል። ነገ ጠባዩ የተቀየረበት ሁሉ ሐል አምጣ ይለኛል። ፍርዱም ስህተት ነበር ማለት ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ ይመጣል፤ ባሬ እኮ ነው።"

ይኸው ነው እንግዲህ። ጓደኛውን የነፈገው ከክፋት አይደለም፤ ከሕግ አዋቂነት ነው። ለነገ ሕግ ሲጨነቅ የዛሬውን ሰው ረሳው።

ባሬ ጠበቀ። መጠበቁን አውቃለሁ፤ ምክንያቱም እኔ ጋ ይመጣ ነበር። እስክሪብቶ ይገዛል። ባሬ ብዙ የሚጽፍ ሰው አይደለም። እስክሪብቶውን እያገላበጠ፣ ጆሮውን ወደ ኮምፔርሳቶው ሰጥቶ ይቆማል። "ማሃሙድ አለ?" ይለኛል። "አለ፣ ግባ እንጂ" እለዋለሁ። "አይ፣ ዝም ብዬ ነው" ይልና ይሄዳል። ያን ክረምት በሙሉ እንዲህ አደረገ። ለማሃሙድ ነገርኩት፤ "ይሄ ሰው እስክሪብቶ የሚገዛው ላንተ ነው" አልኩት በግልጽ። "በሩ ክፍት ነው፣ ይግባ" አለኝ። ሂባቅም ለምናዋለች፤ እሷንም በክርክር ረታት።

ከዚያ ባሬ መምጣቱን ተወ። ቆይቶ ቤተሰቡን ይዞ ጉናጋዶ፣ የእናቱ ዘመዶች ዘንድ፣ የራሱን የከብት መድኃኒት ሱቅ ሊከፍት መሄዱን ሰማን። እኔን ተሰናብቶኛል። ማሃሙድን አልተሰናበተም።

በሃልም ብዙ አልቆየም። የባለቤቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ ጠባይ ይቀየራል ከተባለ በኋላ ሁሉም የሰው አውሬ ላይ ዓይኑን ጣለ። የዚህ እግር በዛ፣ የዚያ ቆዳ ይቀነስ። ቀድሞ ሰው ስለራሱ አውሬ ይለምን ነበር፤ አሁን ስለ ጎረቤቱ አውሬ ይከስ ጀመር። ክርክሩ ሰፋ፣ ሳቁ ጠፋ። ዐቦኮር "ከዚህስ ትራፊክ ፖሊስ ይሻላል" ብሎ ቀረ። ተማሪዎቹ ተመርቀው ሄዱ። ከዚያ የእጅ ስልኩ መጣ፣ የአውሮፓ ኳስ በየሻይ ቤቱ መጣ፤ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደገፈ። ባነርን በማሽን የሚያትሙ ቤቶች ሲከፈቱ የማሃሙድም ሥራ ቀዘቀዘ። ከሰዓት በኋላ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ድምፅ አይሰማም። እኔ ፀጥታ እወዳለሁ እል የነበርኩት ሴትዮ፣ ፀጥታው ይከብደኝ ጀመር።

ማሃሙድ ስለ ባሬ አያነሳም ነበር። ግን ከጉናጋዶ መኪና መጣ ከተባለ ወጣ ብሎ ያያል። አንድ ቀን አንድ የድሮ ደንበኛ የአውሬ ጨዋታችሁ የት ደረሰ ቢለው፣ "ጨዋታውን ላድን ብዬ የሚጫወተውን ሰው አባረርኩ" አለው። እንዲህ ሲል የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ጥፋቱን አምኖ መልሶ በክርክር ሳያስተባብል ሲቀር።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ ድርቁ በጠናበት ዓመት፣ አብዲራህማን አረፉ። ከቀብር መልስ ማሃሙድ እኔ ሱቅ ገብቶ ተቀመጠ። ሽማግሌው ታመው ሳሉ ሊጠይቃቸው ገብቶ ነበርና፣ ሌላ ነገር ሳይናገሩ "ሐሉን ወሰድክ?" ብለው እንደጠየቁት ነገረኝ። "ገና ነው አልኳቸው አባዮ። ገና! ይሄን ሁሉ ዓመት አሳልፌ ገና ነው አልኳቸው።" ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም አላዘንኩለትም ብል ውሸቴን ነው፤ ግን አላባበልኩትም። "እግር አለህ አይደል?" አልኩት።

ተነሳ። ጥሩ ኩታና ሽርጥ ገዛ፣ ያማረ ከዘራ ጨመረበት። ለሐል ብቻን አይኬድምና ዐቦኮርን ለምኖ አስከተለ። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲለማመድ እንደነበር ዐቦኮር ነግሮኛል። ደገሃቡርን አልፈው ጉናጋዶ እስኪደርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነሳል፣ ይጥላል፣ "ይሄ ራሴን መከላከል ይመስላል አይደል?" ይላል። መቼም ለቀላል ቃል ያን ያህል ተቸግሮ አያውቅም። በየመንገዱ ዳር የሞተ ከብት ነበረ።

ባሬ ሱቁ በር ላይ አገኛቸው። ጢሙን ሂና ተቀብቷል፣ ወፍሯል። ማሃሙድን ሲያይ አልደነገጠም፣ አልቀዘቀዘም፤ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። ቤተሰቡን በየስማቸው ጠየቀው፣ የሂባቅን ጤና ጠየቀው፣ የእኔን ሳይቀር ጠየቀው። በዚያ የድርቅ ዓመት፣ ሰው ለራሱ ልጆች በሚሳሳበት፣ ፍየል አረደ። ንጹሕ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ትራስ ተደረገ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከእንግዳ ጋር እንዲበሉ ተጠሩ። ማሃሙድን ከላይ አስቀምጦ፣ እሱ ራሱ እየቆመ እየተቀመጠ አስተናገደ።

ምግቡ ሲነሳ ማሃሙድ ኩታውን፣ ሽርጡንና ከዘራውን በሽማግሌዎቹ ፊት አኖረ። ንግግሩን ሁሉ ረሳው። "ወንድሜን በሰው ፊት በልጅነት እንባው ሰድቤዋለሁ። ያኔውኑ መምጣት ነበረብኝ፤ አልመጣሁም። ሐሉን አምጥቻለሁ" ብቻ አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ ባሬ ዞሩ።

ባሬ ዕቃውን አየው። ዐቦኮር እንደሚለው ቁጣ ፊቱ ላይ አልነበረም፣ ኩራትም አልነበረም። "ማሃሙድ፣" አለ፣ "ሐል የተቀየመ ሰው ነው የሚቀበለው። እኔ ጠብቄህ ነበር። ጅጅጋ ሳለሁ ጠበቅሁህ፣ እዚህም መጥቼ ብዙ ጠበቅሁህ፤ መኪና ሲቆም እወጣ ነበር። በኋላ አንድ ቀን መኪና ቆሞ ሳልወጣ ቀረሁ፤ መቼ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። አሁን እንግዳዬ ነህ። እንግዳ ሐል አይከፍልም።" ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ "እንግዳዬ ከሩቅ ስጦታ ይዞልኝ መጥቷል፣ አላህ ይስጠው በሉልኝ" አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ዕቃውን በእንግዳ ስጦታነት ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ለልጁ ሰጥቶ ወደ ውስጥ አስገባው። በማለዳ መኪና ድረስ ሸኛቸው፤ ለመንገድ ወተት ጨመረላቸው።

ሁለቱ ከጉናጋዶ ሲመለሱ መጀመሪያ የገቡት እኔ ዘንድ ነው። ዐቦኮር ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ማሃሙድ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

"ታዲያ ታረቃችሁ?" አልኩት።

"ስለምን አባዮ? አልተጣላንም አለኝ እኮ።"

"እኔ ብሆን ዝም አልልም ነበር፣" አለ ዐቦኮር። "አንተን የሚያህል ተከራካሪ! እዚያው መከራከር ነበረብህ።"

ማሃሙድ ቀና ብሎ አየው። "ምን ብዬ?" አለ። "ተቀየመኝ ብዬ ልከራከረው?"